አዲሱ የባሕር ውሃ አኳሪየም አልጌ ሲወረው፦ እኔ ያለፍኩበት መንገድ

አዲስ የባሕር ውሃ አኳሪየም ካቋቋማችሁ አልጌ ታያላችሁ። ከአሁኑ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ነጩ አሸዋ ቡናማ ይሆናል፣ መስታወቱ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ድንጋዩ ፀጉር ያበቅላል። አንዳንዱ ታንክ ላይ ቀይ ዝልግልግ ነገርም ይከተላል። አሳዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይሆኑም፤ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ። የሚጨነቀው ባለቤቱ ነው።

እኔም ያንን ጊዜ አልፌዋለሁ። ታንኬ 200 ሊትር ገደማ ይይዛል። የጀመርኩት በደረቅ ድንጋይ ነው። ውስጡ ጥንድ ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ የተባለ ትንሽ አሳና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች አሉ። ዛሬ ድንጋዩ ሐምራዊ ቀለም ይዟል፤ መስታወቱንም የምጠርገው ሲመቸኝ ነው። እዚህ የደረስኩት አልጌ ገዳይ ጠርሙስ ገዝቼ አይደለም። መሃል ላይ ሆናችሁ "ይሄን ነገር ልሽጠው እንዴ?" ለምትሉ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ አዲስ ታንክ ላይ ለምን እንደሚብስ። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጀምረው በደረቅ ድንጋይና በደረቅ አሸዋ ነው። ንጹሕ ነው፣ ተባይም አያመጣም። ግን ባዶ ነው። ላዩ ላይ ባክቴሪያ የለም፤ ሐምራዊው ኮራላይን አልጌ የለም፤ አልጌ የሚግጡት ጥቃቅን ነፍሳትም የሉም። መሬት አርሶ ዘር ሳይዘሩበት እንደመተው ነው፤ አረሙ ማንንም አይጠብቅም። ብርሃን ካበራችሁና አሳ ከመገባችሁ ቀድሞ የሚደርሰው ፈጣኑ ነው፣ ፈጣኑ ደግሞ አልጌ ነው። ከባሕር በወጣ ሕያው ድንጋይ የሚጀምር ሰው ይህ ጊዜ ያጥርለታል፤ በምትኩ ያልጠራቸው እንግዶች አብረው ሊመጡበት ይችላሉ።

በዚያ ላይ የናይትሮጅን ዑደቱ ገና ነው። የአሳ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ይህ ሁሉ እስኪደላደል ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ናይትሬቱ መጨረሻ ላይ ይከማቻል። እሱና ፎስፌት ለአልጌ ማዳበሪያ ናቸው። ደረቅ ድንጋይ ራሱ ፎስፌት አምቆ ሊመጣና ለወራት ቀስ እያለ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ገና አሳ እንኳን ሳይገባ ፎስፌቱ ከፍ ብሎ ብታገኙት አትደንግጡ።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ግን ያልፈዋል። በደረቅ ድንጋይ የጀመራችሁ ከሆነ በዑደቱ ወቅት መብራት አያስፈልግም። ባክቴሪያዎቹ ብርሃን አይፈልጉም። ውስጡ ኮራል ከሌለ የምታበሩት ለአልጌው ብቻ ነው። አዲስ መብራት ገዝቶ አለማብራት ይከብዳል፣ ይገባኛል። ለአሥር ደቂቃ አብሩና አይታችሁ አጥፉት።

ስለ ውሃው አልከራከርም። የቧንቧ ውሃ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዴ መዳብም ይኖርበታል። ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ እነዚህን አያወጣቸውም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ መጨረሻው ላይ ዲአይ ሬዚን (በውሃው ውስጥ የቀረውን የሟሟ ነገር የሚይዝ ጥራጥሬ) ያለበትን ያዙ። የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በሚያሳየው፣ 0 ማንበብ አለበት። ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ሬዚኑ አልቋል ማለት ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት። ደግሞ አስታውሱ፤ ከታንኩ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ይህንን በቧንቧ ውሃ የሚሞላ ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቆሻሻ እየጨመረ ነው፤ ውሃው ይተናል፣ የመጣው ነገር ግን እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ አልጌዎቹ። ከሁሉ በፊት የመጣባችሁን ለዩት። ሁሉንም "አልጌ" ብሎ በአንድ መድኃኒት መምታት ነው ሰውን የሚያደክመው። ለአንዱ የሚሠራው ሌላውን ያፋፋዋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቡናማው ነው። አሸዋው ላይ የካካዋ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። በጣት ብታባርሩት ብን ብሎ ይነሳል፤ መስታወቱም ላይ በቀላሉ ይጠረጋል። ይህ ዳያቶም ነው። ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ስለሆነ በውሃው ውስጥ ያለው ሲሊኬት ሲያልቅበት ይከስማል። እኔ መስታወቱን ጠርጌ አሸዋውን ተውኩት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ሄደ። ወር አልፎት አልሄድ ካለ የምትጠረጥሩት የውሃ ማጣሪያችሁን ነው። ስለ ዳያቶም ከዚህ በላይ ማውራት አያስፈልግም።

ዋናው ራስ ምታት አረንጓዴው ፀጉር ነው። መጀመሪያ እንደ አረንጓዴ ጥላ ይመጣል። ከዚያ ድንጋዩ ጫፍ ላይ፣ ብርሃንና ሞገድ በሚያገኝበት ቦታ፣ ቀጭን ክሮች ይወጣሉ። ዝም ካላችሁት ይረዝማል፣ በሞገዱ ይወዛወዛል። እውነት ለመናገር ለጥቂት ቀን ያምራል። ከዚያ ኮራሉን መሸፈን ይጀምራል።

ይሄኔ ብዙ ሰው ውሃውን ይመረምርና ናይትሬት 0፣ ፎስፌት 0 ያገኛል። "ምግብ የለም፣ ታዲያ ምን በልቶ ነው የሚያድገው?" ይላል። መልሱ ድንጋዩ ላይ ነው። አልጌው በውሃው ውስጥ የሚለቀቀውን ወዲያው ወዲያው ስለሚውጠው ለመመርመሪያው የሚተርፍ የለም። ቁጥሩ 0 ያለው ታንኩ ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን አልጌው ቀድሞ ስለበላው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመመርመሪያውን ቁጥር ብቻውን አትዩት፤ ድንጋዩንም አብራችሁ እዩ።

ለፀጉር አልጌ ከሁሉ በላይ የሠራልኝ እጄ ነው። አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ግን እሱን የሚያህል አላገኘሁም። አልጌ በሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይዟል። ነቅላችሁ ስታወጡት የበላውን ማዳበሪያ አብራችሁ አወጣችሁ። መድኃኒት ጨምራችሁ ታንኩ ውስጥ ብትገድሉት ግን በስብሶ የያዘውን ሁሉ ለውሃው ይመልሳል። የሚቀጥለው ትውልድ በዚያው ላይ ይበቅላል።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ሥራውን የውሃ መቀየሪያ ቀን ላይ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ፓምፖቹን በሙሉ አጠፋለሁ፤ አለበለዚያ የተነቀለው ክር በታንኩ ሁሉ ተበትኖ በየሄደበት ይተከላል። ቀጭን ቱቦ ወደ ባልዲ እዘረጋለሁ። የቱቦውን አፍ ከአዲስ የጥርስ ብሩሽ ጋር በላስቲክ አስሬዋለሁ። ብሩሹ ሲፈገፍግ ቱቦው ወዲያው ይስባል። ረጅሙን ፀጉር ግን ቀድሜ በጣቴ ጠምጥሜ ከሥሩ እጎትተዋለሁ። ሲነቀል ትንሽ ይንቋቋል፤ ከሥሩም ግራጫ አቧራ ይወጣል። ያቺ አቧራ ናት ነገሩን የገለጠችልኝ። ፀጉሩ እንደ ወጥመድ ሆኖ የምግብ ፍርፋሪና ኩስ ይይዛል፤ ከያዘው ላይ ደግሞ ራሱ ይመገባል። ስለዚህ አሁን አልጌ ባይኖርም በየሳምንቱ በትልቅ ስሪንጅ የድንጋዩን ስንጥቆች ውሃ እረጫቸዋለሁ። ደመና የሚያህል ቆሻሻ ይነሳል። ማጣሪያው ይይዘዋል፤ የተረፈውን ቱቦው።

ከታንኩ ሊወጣ የሚችል ትንሽ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ከታንኩ በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ፈግፍጉት። በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ባክቴሪያው ይሞታል። ግትር ለሆነች ቦታ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ድንጋዩ ከውሃ ወጥቶ እያለ በጠብታ ይደረጋል። ጥቂት ደቂቃ ይቆይና በታንክ ውሃ ታጥቦ ይመለሳል። ኮራልና ሌላ ሕይወት ያለው ነገር ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

አንዴ ነቅሎ መጨረስ የለም። ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል፣ ግን ቀንሶ ይመለሳል። እንደገና ትነቅላላችሁ። ችክ ማለት ነው። የሚያሸንፈው የሚደጋግመው ነው።

ምግቡን በተመለከተ። አሳ ሁልጊዜ ይራባል፤ እሱን አትስሙት። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ብቻ ስጡ። በረዶ የሆነውን ምግብ በትንሽ ወንፊት በንጹሕ ውሃ ካሟሟችሁ በኋላ ፈሳሹን ድፉት። አንዳንዶች ይህ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ምንም ስለማይከብድ አደርገዋለሁ። በሌላ በኩል አልጌ ፈርታችሁ አሳውን አታስርቡት። የከሳ አሳ ይታመማል፤ ኮራልም ያለ ምግብ ቀለሙ ይነጣል።

ምግቡ ከገባ በኋላ ትርፉን ማውጣት አለባችሁ። እኔ ጋ ይህንን የሚሠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። ነጩ ጥጥ መሰል ማጣሪያ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀየራል። ካልተቀየረ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል፤ የያዘው ቆሻሻ እዚያው ይበሰብሳላ። ስኪመሩ ቆሻሻው ገና ናይትሬት ሳይሆን በአረፋ አንስቶ ጽዋው ውስጥ ይከተዋል። ጽዋው ይከረፋል፤ መክርፋቱ መሥራቱ ነው። ሦስተኛው ከዋናው ታንክ ሥር ባለው የማጣሪያ ክፍል በራሱ መብራት የሚያድገው ኬቶሞርፋ ነው። ሽቦ የመሰለ የባሕር አልጌ ነው። እሱን የማበራው የዋናው ታንክ መብራት ሲጠፋ ሌሊት ነው። ማታ በዋናው ታንክ ውስጥ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ሲወርድ ይህ ትንሽ ይደግፈዋል። ሲበዛ ግማሹን ቆርጬ እጥላለሁ። አልጌን በአልጌ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው እኔ በፈለግሁት ቦታ ነው የሚያድገው። በየሳምንቱም ከውሃው 10 በመቶ እቀይራለሁ።

ፎስፌት የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬም አለ። ይሠራል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ይሠራል። ሙሉ መጠን በአንድ ጊዜ ከጨመራችሁ ፎስፌቱ በአንድ ሌሊት ወደ 0 ሊወርድና ኮራሉ ሊጎዳ ይችላል። ፎስፌታችሁ በእውነት ከፍ ካለ ብቻ፣ ከሚመከረው መጠን ግማሽ ወይም ከዚያ አንሳችሁ ጀምሩ፤ እየመረመራችሁ ሂዱ።

ታዲያ ቁጥሩ ስንት ይሁን? እኔ የምፈልገው ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ነው። ኮራል የሌለው የአሳ ታንክ ከዚህ ከፍ ቢልም ይኖራል። ዋናው ነገር ቁጥሩ 0 እንዳይሆን ነው። ይህን አስምሩበት፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አልጌ ጋጪዎቹን እንዳልረሳ። ቀንድ አውጣ ያለው ታንክና የሌለው ታንክ ሰማይና ምድር ናቸው። ምርጫዬ ትሮከስ ነው። መስታወትና ድንጋይ ላይ ያለውን ስስ አልጌ ሌት ተቀን ይግጣል። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ሲገለበጥ ራሱን ማቃናት መቻሉ ነው። አስትሪያ የሚባለው ይህን አይችልም፤ አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ ካላነሳችሁት እዚያው ይሞታል። ሴሪት ደግሞ ድንጋዩንም አሸዋውንም ያዳርሳል። ናሳሪየስ አልጌ አይበላም፤ የወደቀ ሥጋ ነው የሚፈልገው፣ አሸዋውን ግን ያገላብጣል። ቱርቦ ረጅም ፀጉርን እንደ ጉድ ይበላል፤ ሲሄድ ግን ያልተጣበቀ ኮራል ሁሉ እየጣለ ነው። ቀንድ አውጣዎች በጥቅሉ አጭሩን አልጌ ነው የሚወዱት። ስለዚህ እናንተ ረጅሙን ንቀሉ፣ እነሱ ጉቶውን ይጨርሱታል።

ብዙ አትግዙ። በሊትር ተሰልቶ የሚሸጥ "ሙሉ የጽዳት ቡድን" ለአዲስ ታንክ ብዙ ጊዜ ይበዛል። አልጌው ሲያልቅ ይራባሉ፣ ይሞታሉ፣ የሞቱትም አሞኒያ ይሆናሉ። ጥቂት አስገቡና አልጌው ካሸነፋቸው ጨምሩ። ስታስገቧቸው ውሃውን ቀስ እያላችሁ በጠብታ አለማምዷቸው፤ የጨው መጠን ለውጥ አይችሉም። መዳብ ያለበት የአሳ መድኃኒትም በዚህ ታንክ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ቀንድ አውጣና ሸርጣን ይጨርሳል። "ታንግ ልግዛና ይብላልኝ" ለምትሉም፣ ታንግ ትልቅ ታንክ የሚፈልግ ዋናተኛ ነው። ለአልጌ ሲባል ብቻ አሳ አይገዛም።

ቀዩ ዝልግልግ ሌላ ታሪክ ነው። ጥቁር ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነው፤ አሸዋው ላይ እንደ ቆዳ ይነጠፋል፤ ጠርዙን ስትይዙት እንደ አንድ ቁራጭ ይላጣል። ከላዩ የአየር አረፋ ይይዛል። ይህ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ። አንዳንዱ ዓይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ መጠቀም ስለሚችል ናይትሬት በጠፋበት ታንክ ውስጥ ተወዳዳሪ ሳይኖረው ይንሰራፋል። የሚወደው ሞገድ የማይደርስበትን ጥግ ነው። እኔ ጋ ከአንድ ድንጋይ ኋላ ነበር የሰፈረው። ያለውን በቱቦ ስቤ አወጣሁት፤ የሞገድ ፓምፑንም አዙሬ ወደዚያ ጥግ አመለከትኩት። ናይትሬቱ ከ0 ከፍ ሲል ጨርሶ ጠፋ። በአንቲባዮቲክ የሚያጠፉት አሉ። በፍጥነት ይሠራል፤ ግን ቆሻሻው በአንዴ ሲሞት በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አሳም ሊታፈን ይችላል። መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ የአየር ድንጋይ (ውሃው ውስጥ የአየር አረፋ የሚለቅ) ሳትጨምሩ አትጀምሩ።

አሁን ወደ ከባዱ። ዳይኖፍላጀሌት። ቀለሙ ቡናማ ስለሆነ ሰው ዳያቶም ነው ብሎ ይጠብቀዋል። ልዩነቱን በቅርብ ስታዩት ታውቁታላችሁ። ዳያቶም አቧራ ነው፤ ይሄኛው ንፍጥ ነው። ከድንጋዩ ጫፍ ክር ሆኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በየክሩ ጫፍ አንድ የአየር አረፋ ትንጠለጠላለች። ቀን ብርሃኑ ሲበረታ ይበዛል፤ ጠዋት መብራት ሳይበራ ስታዩት የሄደ ይመስላል። ቀንድ አውጣዎች ያለ ምክንያት መሞት ከጀመሩ ይበልጥ ጠርጥሩ፤ አንዳንዱ ዓይነት መርዛማ ነው። ስትነኩት ጓንት አድርጉ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዝልግልጉን ከታንክ ውሃ ጋር ክዳን ባለው ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ሰብስቡ። ዘግታችሁ በደንብ ናጡት፣ እስኪበታተን። ከዚያ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥልሉት። የወጣው ውሃ ጥርት ያለ ይሆናል። እሱን በብርሃን አጠገብ አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ተመልሶ ክር ከሠራና ከተጓጎለ ዳይኖ ነው። እኔ የራሴን እንዲህ ስሞክር መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቼ ሳየው ከብርጭቆው መሃል ቡናማ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጉድ ነው። ለተማሪ የሚሆን ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ደግሞ ዓይነቱን መለየት ይቻላል፤ ይህ ለሕክምናው ይጠቅማል።

ዳይኖ የሚወደው ታንክ የትኛው እንደሆነ ገምቱ። ከመጠን በላይ የጸዳውን። ናይትሬትና ፎስፌት 0 ሲሆኑ ፀጉር አልጌውም፣ ጠቃሚው ባክቴሪያም ይዳከማል፤ ዳይኖ ግን በትንሽ ነገር መኖርን ያውቅበታል። ቦታው ሲለቀቅለት ይገባል። "አስምሩበት" ያልኩት ለዚህ ነው። ፀጉር አልጌን ለማጥፋት ማጣሪያ በማጣሪያ ላይ ጨምሮ፣ አሳውን አስርቦ፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ ፀጉሩን ያጠፋል። የሚያገኘው ግን ይሄኛውን ነው። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ ብትሉኝ ፀጉሩን፣ አሥር ጊዜ።

ስለዚህ እዚህ ላይ ሥራው ይገለበጣል። ፎስፌት መጣጩን አወጣሁ። ምግብ ጨመርኩ። ውሃ መቀየሩን አቆምኩ፤ የተነውን ብቻ መሙላት ቀጠልኩ። ናይትሬትና ፎስፌት ለታንክ ተብሎ በጠርሙስ ይሸጣል፤ በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ ቁጥሮቹ ከላይ ወዳልኳችሁ ደረጃ እስኪመጡ ጠበቅሁ። የእኔ ዓይነት ኦስትሬኦፕሲስ ነበር። ይህ ሌሊት ከድንጋዩ ለቆ ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ይመታል። ዩቪውን ከዋናው ታንክ በቀጥታ እንዲስብ አድርጌ ሌት ተቀን አሠራሁት። አምፊዲኒየም የሚባለው ዓይነት ግን አሸዋ ውስጥ ስለሚቀበር ዩቪ ብዙም አይነካውም። ለእሱ አንዳንዶች ሆን ብለው ሲሊኬት ይጨምራሉ፤ ዳያቶም አብቅሎ ቦታውን እንዲቀማው። መጀመሪያ የሸሸነው ዳያቶም እዚህ ጋ ወዳጅ ሆነ ማለት ነው።

ዳይኖው ሲለቅ ቦታው ላይ ትንሽ አረንጓዴ ብቅ አለ። ያኔ ደስ ያለኝን ያህል በአረንጓዴ አልጌ ተደስቼ አላውቅም።

ስለ መብራት ቃል ልጨምር። ኮራል ካስገባችሁ በኋላ በቀን ለ6 ሰዓት ያህል በማብራት ጀምሩ፤ ጥንካሬውንም ዝቅ አድርጉት። ሳምንታት እያለፉ ሲሄዱ ርዝመቱን ወደ 8 ሰዓት አሳድጉት። ነጩን ቀንሳችሁ ሰማያዊውን ብታበዙ ለኮራሉ በቂ ነው፤ አልጌውም ዓይን ላይ ብዙም አይጎላም። በታይመር ይሁን እንጂ በእጅ አይሁን። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ታንክ ካላችሁ መጋረጃው የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ መብራት ማጥፋት የሚባለውም ለሳያኖና ለአንዳንድ ዳይኖ ፋታ ይሰጣል። ምክንያቱን ካላስተካከላችሁ ግን መብራቱ ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ።

አንድ ነገር ስትቀይሩ ሌላውን አትንኩ። መብራቱን ቀንሳችሁ፣ ምግቡን ቀንሳችሁ፣ መጣጭ ጨምራችሁ፣ በዚያው ቀን ጠርሙስ ብታፈሱበት የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃላችሁ? እኔ አንዱን ቀይሬ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ። ታንክ ቶሎ አይመልስም። ድንጋዩንም በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ፎቶ አነሳዋለሁ። በየቀኑ ለሚያይ ዓይን ለውጡ አይታይም፤ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ግን ይታያል።

ሁለት አልጌዎች ግን ትዕግሥት አይገባቸውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንዱ ብሪዮፕሲስ ነው፤ ፀጉር ይመስላል፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን እያንዳንዱ ክር የላባ ቅርጽ አለው። ቀንድ አውጣዎች ብዙም አይበሉትም፣ ነቅለውትም ይመለሳል። ከተንሰራፋ በኋላ ብዙ አርቢዎች የሚጠቀሙት ፍሉኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ነው። ሌላው ፊኛ አልጌ ነው፤ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ዶቃ ይመስላል። ድንጋዩ ከታንኩ ሊወጣ ከቻለ አውጥታችሁ ከሥሩ ፈልቅቁት፤ ውሃ ውስጥ አታፈንዱት፣ ከፈነዳ ዘሩ ሊበተን ይችላል። ኤመራልድ ክራብ የሚባለው ሸርጣን ይበላዋል፣ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚገቡት አዲስ ኮራል በተጣበቀባት ትንሽ መሠረት ላይ ሆነው ነው። ስለዚህ አዲስ ኮራል ሲመጣ መሠረቷን ገልብጣችሁ በባትሪ እዩ። የምትጠራጠሩት ነገር ካለ ኮራሉን ከመሠረቷ አላቅቁትና በአዲስ ላይ ለጥፉት። አሮጌዋን ጣሏት። እኔ አሁን ንጹሕ ብትመስልም እጥላታለሁ።